የለንደን ወራት በግንፍሌ ጓሮ፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተነሣው ከአራት ኪሎ ቁልቁል ሲወረድ፣ ግንፍሌ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እንግሊዝ አገር የምትኖር ልጃቸው ፍራፍሬና አትክልት በጓሮአቸው ለሚያለሙ ሰዎች የሚታተም ወርኃዊ መጽሔት ትልክላቸዋለች። እነዚህ መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ በነፃ የሚሰጥ የዘር ፓኬት የመለጠፍ ልማድ አላቸው። መምህርቷ የተጻፈውን በሚገባ ያነባሉ፣ የዘሩበትን ቀን በደብተር ይይዛሉ፣ የተባለውን ሳያዛንፉ ይሠራሉ። ጉዳዩን ለጥናት የሚመች ያደረገውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ዓመት የደረሰው ጥፋት ከቸልታ አልመጣም፤ ጥሩ ምክር በትክክል ተከብሮ ሳለ የደረሰ ነው።

የዓመቱ ውጤት ባጭሩ ይህን ይመስል ነበር። ቲማቲሙ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከነፍሬው ጠቁሮ ሞተ። ቀይ ሽንኩርቱ ለምልሞ አድጎ ኳስ ሳይቋጥር ቀረ። ቆስጣውና እንጆሪው በአንዱ መደብ ላይ ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ። በአንጻሩ ስፒናች፣ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርትና በሌላው መደብ ላይ ያለው እንጆሪ መጽሔቱ ከሚለውም በላይ ሰጡ። ውድቀቱና ስኬቱ እንዲህ የተደበላለቀበት ጓሮ ሲገጥም ዘሩን ወይም አፈሩን በጅምላ መውቀስ አያዋጣም። እያንዳንዱ ሰብል ለብቻው መታየት አለበት።

መጀመሪያ ቲማቲሙ። መጽሔቱ «በማርች ቤት ውስጥ አፍሉ፣ ውርጭ ካለፈ በኋላ በሜይ መጨረሻ አውጥታችሁ ትከሉ» ይላል። መምህርቷ ወሩን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው በመጋቢት አፈሉ፤ ግንቦት ማብቂያ ላይ ተከሉ። ለንደን ላይ ይህ ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሞቃታማና ረዥም ቀን ያለው በጋቸው ነው። እዚህ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክረምት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያወርዳሉ፤ ችግኙ አበባ አውጥቶ ፍሬ የሚይዝበት ጊዜ ከዚሁ ጋር ገጠመ። ቅጠሉ ላይ የታየው ውኃ የቋጠረ የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ ነበር። ጠዋት ቅጠሉ ሲገለበጥ በነጠብጣቡ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ አለ፤ ግንዱ ላይ ቡናማ ሰንበር፣ ፍሬው ላይ ደግሞ ጠንካራ ቡናማ ልጥፍ ይታያል። ይህ ሌት ብላይት ነው፤ ድንችንም የሚፈጀው ያው በሽታ። ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ እንደ ኢላማ ክብ በክብ የሚወጣው ነጠብጣብ ሌላ በሽታ ስለሆነና እንዲህ በቀናት ውስጥ ስለማይገድል ሁለቱን መለየት ይገባል።

የእንግሊዝ አትክልተኞች ለዚህ በሽታ ማስጠንቀቂያ የሚሰጡበት መለኪያ አላቸው። ከ2017 ጀምሮ የሃተን መስፈርት በሚባለው ይሠራሉ፦ በተከታታይ ሁለት ቀናት የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ካልወረደ፣ በሁለቱም ቀናት ቢያንስ ለ6 ሰዓት የአየሩ እርጥበት 90 በመቶ ከደረሰ፣ በሽታው ሊነሣ ነው ማለት ነው። መጽሔቱ «ማስጠንቀቂያውን ተከታተሉ» ሲል ይህንኑ ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ያድራል፤ እርጥበቱም ቅጠል ሳያደርቅ ይሰነብታል። መስፈርቱ አንዳንድ ቀን ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ሊሟላ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ መጠበቅ እዚህ ትርጉም የለውም፤ ክረምቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ማንኮዜብ ያለበት መድኃኒት በየሳምንቱ መርጨት በሽታውን ያዘገየዋል፤ ነገር ግን ለአንድ ቤት ሰላጣ ሲባል ሁለት ወር ሙሉ መርጨት፣ በየጊዜውም በመለያው ላይ የተጻፈውን የመታገሻ ቀን ቆጥሮ መልቀም የሚያዋጣ ሥራ አይመስለንም።

ለቲማቲሙ ሌላም ምክንያት ነበረበት፤ ይህኛው ከበሽታው ይበልጥ ለዓይን የተደበቀ ነው። መጽሔቱ «ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ሥር ትከሉ» ይላል። ለንደን ወደ 51 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ላይ ስላለች ፀሐይ ቀትር ላይ ምንጊዜም በደቡብ በኩል ናት፤ ግድግዳው ሙቀት ያጠራቅማል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አናታችን ላይ ትሆንና ከዚያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ ቀትሯ በሰሜን በኩል ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ከአናት 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው የማድ ቤት ግድግዳ በዚያ ሰሞን ቀን 6 ሰዓት ላይ 64 ሳንቲሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። በዚህ ላይ የቆርቆሮው ክፈፍ 40 ሳንቲሜትር ወጣ ይላል። የቲማቲሙ መስመር ከግድግዳው 40 ሳንቲሜትር ላይ ነበር፦ ጥላው ውስጥ፣ ልክ በቆርቆሮው ጠብታ ሥር። መሬቱ ላይ ጠብታው የቆፈራቸው ጉድጓዶች በተርታ ይታዩ ነበር፤ የታችኞቹ ቅጠሎች ሆድ እስኪለብስ ድረስ ጭቃ ተረጭቶባቸዋል። ዘመናዊ መድኃኒት ቢረጭም ያ ቦታ ያንን በሽታ ከመጥራት አይመለስም ነበር።

በአዲስ አበባ ከደቡብና ከሰሜን ይልቅ መታየት ያለበት ምሥራቁ ነው። በክረምት ደመናው የሚከብደው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ መደብ ጤዛው ቶሎ ይደርቅለታል። ከሰዓት በኋላ ብቻ ፀሐይ የሚደርሰው መደብ በሐምሌ ፀሐይ ሳያይ ሊውል ይችላል። በታኅሣሥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያው ግድግዳ አሁን ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ60 የሚደርስ ጥላ ይጥላል። በታኅሣሥ አንድ ጊዜ፣ በሰኔ አንድ ጊዜ ቀትር ላይ የጥላውን ጫፍ በእንጨት ቸክሎ ምልክት ማድረግ ከማንኛውም ንድፍ ይበልጣል።

ወደ ሽንኩርቱ እንለፍ። ከሽፋኑ ላይ የመጣው ዘር በእንግሊዝ አገር የታወቀ ረዥም ቀን የሚሻ ዓይነት ነበር። ቀይ ሽንኩርት ኳስ የሚቋጥረው ዕድሜው ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ የቀኑ ርዝመት ለዓይነቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ነው። የሰሜን አገር ዓይነቶች 14፣ አንዳንዶቹም እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይጠብቃሉ። ለንደን በሰኔ አጋማሽ ከ16 ሰዓት ተኩል በላይ ታገኛለች። አዲስ አበባ በዓመቱ ረዥሙ ቀኗ 12 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። ያ ዘር ሦስት ዓመት መሬት ውስጥ ቢቆይ ያንን ቀን አያገኝም። ማዳበሪያ ሲጨመርለት አንገቱ ይወፍራል፣ ቅጠሉ ይበዛል፣ ያ ብቻ ነው። መምህርቷ ወደ ዘር ሱቅ ሄደው ሲጠይቁ ሻጩ «እማማ፣ ይሄ እኮ ቅጠል ነው የሚሆንልዎት፤ ቦምቤ ሬድ ይውሰዱ» ማለቱ ምክንያቱን ባይዘረዝርም ልክ ነበር። ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ እዚህ የሚመረቱት አጭር ቀን ስለሚበቃቸው ነው።

ይኸው የቀን ማጠር ግን ለሌላው ሰብል ሲሳይ ሆኗል፤ የመጽሔቱ አንባቢ ይህን ከየትም ሊያገኘው አይችልም። ስፒናች በእንግሊዝ የሚያስመርረው ቀኑ ሲረዝም ቶሎ አበባ አውጥቶ ስለሚመር ነው፤ ገጾቹ «በሜይና በጁን አትዝሩ» በሚል ማስጠንቀቂያ የተሞሉ ናቸው። እዚህ ቀኑ 13 ሰዓት ስለማይደርስ ያ ጭንቀት የለም። ውኃ ካለ በየሦስት ሳምንቱ ዓመቱን ሙሉ ይዘራል። እንጆሪም እንዲሁ፤ እዚያ በዓመት አንድ ሰሞን ብቻ የሚያፈራው ዓይነት አበባ ለማውጣት አጭር ቀንና ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚፈልግ፣ በእኛ ደጋ ላይ ወራትን ይሰጣል። ስለ ቦታ ርቀት፣ ስለ ዘር ጥልቀት፣ ስለ ማሳሳትና ችግኝን ወደ ውጭ አውጥቶ ስለማላመድ መጽሔቱ የሚለውም ሳይቀየር ይሠራል። ተክሉን የሚመለከተው ምክር ይጓዛል፤ ሰማዩን የሚመለከተው አይጓዝም። ገጹ ላይ ቀን ወይም አቅጣጫ በተጻፈ ቁጥር ከበስተጀርባው ያለውን ምክንያት ፈልጎ፣ ያ ምክንያት እዚህ መቼ እንደሚገኝ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቢጫው መደብ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። መልኩ ግልጽ ነበር፦ ቢጫ የሆኑት አዳዲሶቹ ቅጠሎች ናቸው፤ ጅማቶቹ አረንጓዴ ሆነው ቀርተዋል። ናይትሮጅን ያነሰው ተክል መጀመሪያ ቢጫ የሚያደርገው የታችኛውን አሮጌ ቅጠል ስለሆነ ይህ የናይትሮጅን ጥያቄ አልነበረም። የብረት እጥረት ነው፤ ይኸውም ብረት አፈሩ ውስጥ ስለሌለ ሳይሆን አፈሩ አልካሊ በዝቶበት ሥሩ ሊወስደው ስላልቻለ ነው። በመሀል ከተማ ግቢ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። መደቡ የቆመው አሮጌ ክፍል ፈርሶ የተደፋበት ቦታ ላይ ነበር፤ በአካፋ ሲገለበጥ የኖራና የሲሚንቶ ልስን ስብርባሪ ይወጣል። መጽሔቱ ደግሞ «ለፖታሽ የእንጨት አመድ ጨምሩ» ስለሚል የከሰል ምድጃው አመድ በየሳምንቱ ሄዷል። አመድም እንደ ኖራ ነው። በእንግሊዝ ብዙ ቦታ ዝናቡ አፈሩን አሲዳማ ስለሚያደርገው ምክሩ ይረዳል፤ ኖራ ላይ ሲጨመር ግን ቁስል ላይ ጨው ነው።

ለዚህ ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ከመደቡ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ አፈር ወስዶ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ። ጭስስ ብሎ ከፈላ ኖራ አለበት። የግንፍሌው አፈር ፈላ። መፍትሔው አመዱን ማቆም፣ አፈሩን እስከ 25 ሳንቲሜትር አውጥቶ በአንድ ሳንቲሜትር ወንፊት ማበጠርና ስብርባሪውን መጣል፣ ከዚያ የበሰለ ብስባሽ ጨምሮ መመለስ ሆነ። የቡና አተላ አፈር ያሲዳል የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ተፈልቶ የተደፋ አተላ አሲዱን አብዛኛውን ጥሎ ስለሚወጣ ጥቅሙ ለብስባሹ ማዳበሪያነት ነው። በየቀኑ ሦስት ጀበና የሚፈላበት ቤት አተላውን ወደ ብስባሹ ክምር መላክ አለበት፤ ከአተላው የአሲድ ተአምር ግን አይጠበቅ።

አዲሱ ንድፍ የሚከተለው ነው። ለጓሮው የተተወው ቦታ 7 በ4 ሜትር ነው። እዚያ ላይ ወርዳቸው 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመታቸው 3 ሜትር የሆኑ አራት መደቦች ጎን ለጎን ገቡ፤ በመካከላቸው የ50 ሳንቲሜትር መተላለፊያ አለ። ወርዱ ከ1 ሜትር ከ20 ከበለጠ እጅ ከሁለቱም ወገን መሀል ላይ አይደርስም፤ መደብ ላይ መርገጥ ይመጣል፣ ሸክላው አፈር ይጠቀጠቃል። ከፍታው 25 ሳንቲሜትር፤ ዙሪያው በባሕር ዛፍ ጣውላ ተደገፈ። ለመደቡ ሙሌት ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ በቂ ነው። ለችግኝ ግን ለየት ይላል፦ ሦስት እጅ የተነፋ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። መጽሔቱ የሚያዘው በከረጢት የሚሸጥ የችግኝ አፈር በዚህ ይተካል። ትሪ ከሌለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ለሁለት ተቆርጦ፣ ሥሩ በጋለ ምስማር አራት ቦታ ይበሳል። መብሳቱ ከተረሳ ችግኙ በመጀመሪያው ሳምንት ከአንገቱ በስብሶ ይወድቃል።

የቆርቆሮው ጠብታ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ በርሜል፣ ከበርሜሉ በቧንቧ ወደ ሮቶ እንዲሄድ ተደረገ። 30 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሲቀበል 300 ሊትር ይሰጣል፤ በበልግ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ስለሚያጥብ አቧራው እስኪወርድ ወደ ውጭ ይፈሳል።

የውኃው ሒሳብ ሁለተኛው ዓመት ላይ ዋጋ አስከፈለ። አራቱ መደቦች በድምሩ 14.4 ካሬ ሜትር ናቸው። በበጋ ቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢጠጡ፣ ከ58 እስከ 72 ሊትር፤ በሌላ አነጋገር ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሦስት ወይም ከዚያ ትንሽ የሚያልፍ። የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጡ ቀናት በጎማ እያጥለቀለቁ፣ በሌሉ ቀናት እየተዉ ሲቆዩ፣ የቲማቲሙ ፍሬ ከታች በኩል፣ አበባው የነበረበት ጫፍ ላይ፣ ጠፍጣፋና ጥቁር ሆኖ መበስበስ ጀመረ። ይህ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም የለውም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚሄደው ከውኃ ጋር ስለሆነ ውኃው ሲቋረጥና ሲጥለቀለቅ ፍሬው ይራባል። ቲማቲሙ ሥር የእንቁላል ቅርፊት መቅበር ይመከራል፤ ነገር ግን ቅርፊቱ እስኪፈርስ ወቅቱ ያልቃል። የረዳው 500 ሊትር ሮቶ ሞልቶ በየሁለት ቀኑ 120 ሊትር በማጠጫ እኩል ማካፈል፣ ከሥሩም 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ነው። በየቀኑ ለቡና የሚጎዘጎዘው ሣር ደርቆ ለዚህ ይውላል፤ ዘር ያዘለ ከሆነ ግን በኋላ አረም ይሆናል።

የቲማቲሙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተለወጠ። ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ ጥር አጋማሽ ይፈላል፤ የካቲት ላይ ይተከላል፤ ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ ተለቅሞ ክረምቱ ሳይገባ ያልቃል። መስከረም ላይ አፍልቶ በጥቅምት መትከልም ይቻላል፤ ነገር ግን አበባው በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ላይ ይወድቃል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ የአበባው ብናኝ ደካማ ይሆንና ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ረባዳ ቦታ ላይማ አመዳይ ሊጥል ይችላል። በክረምትም ቲማቲም ይኑረኝ ለሚል፣ አራት የባሕር ዛፍ አጠና ተተክሎ ከወደኋላ 1 ሜትር ከ80፣ ከወደፊት 1 ሜትር ከ40 እንዲሆን ላስቲክ ይወጠራል። ጎኖቹ ክፍት ይቀራሉ። ጎኑን መሸፈን እርጥበቱን አፍኖ ይዞ በሽታውን ቤት ማስገባት ነው።

ከመጽሔቱ የተወሰደ አንድ ልማድ እዚህ ላይ ሊያሳስት ነበር። ገጾቹ በቅጠሉና በግንዱ መካከል የሚወጣውን ቅርንጫፍ በየሳምንቱ ቀጥፉ ይላሉ። ይህ በክር ላይ ወደ ላይ ለሚሄደው ረዥም ዓይነት ልክ ነው። እዚህ በብዛት የሚሸጠው ሮማ ቪኤፍ ግን ቁጥቋጦ ሆኖ ቁመቱን ራሱ የሚወስን ዓይነት ነው፤ ፍሬውን የሚሸከመው በእነዚያ ቅርንጫፎች ላይ ስለሆነ መቀጠፍ ምርቱን መቀጠፍ ነው። መሬት የነካውን የታችኛውን ቅጠል ብቻ ማንሣት ይበቃዋል።

ለሽንኩርቱ ቦምቤ ሬድ ጥቅምት ማብቂያ ላይ በችግኝ መደብ ተዘርቶ፣ ከ45 እስከ 50 ቀን ሲሆነው በ10 ሳንቲሜትር ልዩነት፣ መስመሩ በ20 ሳንቲሜትር ተራርቆ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ተተከለ። እዚህ ላይ የችግኙ ውፍረት ወሳኝ ነው። ከእርሳስ የወፈረ ችግኝ የታኅሣሥን ብርድ ሲቀምስ ኳስ በመቋጠር ፋንታ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ የወፈረው ተመርጦ ለወጥ ይሂድ። የሦስት አራተኛው አንገት ሲወድቅ ውኃው ይቆማል። ከመሬት ወጥቶ ጥላ ላይ በነፋስ ሳይደርቅ ከረጢት ውስጥ የገባ ሽንኩርት ከአንገቱ ይበሰብሳል፤ ለዚህ ነው ስብሰባው ከክረምቱ በፊት ማለቅ ያለበት።

ግቢው ውስጥ አንድ የፖም ችግኝም ነበር፤ ጉዳዩ አጭር ነው። ቅዝቃዜ አብዝቶ የሚፈልግ የሰሜን ዓይነት ስለነበር ቅጠሉ ሲመጣም ሲረግፍም ወጥ አልሆነም፤ ከቅርንጫፉ ጫፍ ብቻ ያቆጠቁጣል። እንደ ጨንቻ ያለ ከፍታ ባለበት አገር እንኳ ፖም የሚያለሙ ሰዎች ዓይነቱን መርጠው ነው። ለመሀል አዲስ አበባ አናና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት፣ ብርድ ብዙ የማይጠይቁት፣ ሁለቱ አንድ ላይ ተተክለው እርስ በርስ እንዲዳቀሉ ማድረግ ይሞከራል፤ ቦታው ለአንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ ግን ያገራችን ኮክ ይሻላል። ግቢው ላይ ኮኩ ተተክሏል።

በመጨረሻ፣ የቀሩት የዘር ፓኬቶች። መጽሔት ሽፋን ላይ የመጣ ቢሆንም ዘር ዘር ነው፤ ከውጭ ሲገባ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ስለሚጠየቅበት ልጅቷ ወደፊት መጽሔቱን ብቻ እንድትልክ ተመክሯል። ቤት ውስጥ ካሉት ረዥም ቀን የሚሻው ሽንኩርት ተለይቶ ለቅጠል ብቻ ተመደበ። የካሮትና የባሮ ሽንኩርት ዘር ብዙ ዕድሜ ስለሌለው መጀመሪያ እንዲዘራ፣ የቲማቲሙ ግን አራት ዓመትም ስለሚቆይ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ። ጥርጣሬ ያለበት ፓኬት በ20 ፍሬ ይፈተናል፦ በረጠበ ሶፍት ተጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ማድ ቤት ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል። 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ እንደተለመደው ይዘራል፤ ከ10 እስከ 15 ከሆነ ጠቅጠቅ ተደርጎ ይዘራል፤ ከ10 በታች ከሆነ መደቡን በእሱ ከመያዝ አዲስ ዘር መግዛት ይረክሳል።